ፊት ለማቅላት የሚሸጡ ቅባቶችና መርፌዎች፦ ጉዳታቸውና የቁጥጥሩ ክፍተት

በከተማ የመዋቢያ መደብሮች፣ በገጠር የገበያ ቀናት በሚዘረጉ መደቦችና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች «ማድያት ያጠፋል»፣ «ፊት ያቀላል»፣ «ብጉር ይነቅላል» እየተባሉ ቅባቶች፣ ሳሙናዎችና ክሬሞች ይሸጣሉ። ብዙዎቹ የአማርኛ መግለጫ የላቸውም። በአንዳንዶቹ ላይ የአምራቹ ስም፣ የተሠሩበት ንጥረ ነገርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ገዢው በእጁ የሚገባውን ነገር ምንነት የሚያውቀው ከሻጩ ቃል ብቻ ነው።

ጉዳዩ በተለምዶ የመዋብ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ከእነዚህ ምርቶች በከፊሉ ውስጥ የሚገኙት ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖንና ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ከቆዳ አልፈው ኩላሊትን፣ ነርቭን፣ ዓይንንና የደም ግፊትን የሚነኩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሜርኩሪን ለኅብረተሰብ ጤና እጅግ አሳሳቢ ከሆኑ 10 ኬሚካሎች ወይም የኬሚካል ቡድኖች መካከል መድቦታል። ስለዚህ ነገሩ የጤና ጥበቃ፣ የንግድ ቁጥጥርና የሸማች መብት ጥያቄ ሆኖ መታየት ይገባዋል።

ፍላጎቱ ከየት ይመጣል?

ቆዳን ለማቅላት መሞከር በአንድ አገር የተወሰነ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በልዩ ልዩ አገራት የተደረጉ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ የሳይንስ ጽሑፍ፣ በጥናቶቹ ከተካተቱት ሰዎች መካከል 27.7 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆዳ የሚያቀላ ምርት መጠቀማቸውን አሳይቷል። የአፍሪካው አኃዝም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ተጠቃሚዎቹ ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ ወንዶችም አሉበት።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ፍላጎቱ ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ቀላ ያለ መልክን ከጠይሙና ከጥቁሩ አስበልጦ የማየት ዝንባሌ ነው። ይህ አመለካከት በሠርግ ወቅት፣ በማስታወቂያና በሙዚቃ ምስሎች፣ አሁን ደግሞ በስልክ ካሜራ ማሳመሪያዎች ይጠናከራል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምንጭ እውነተኛ የቆዳ ሕመም ነው። ማድያት፣ የብጉር ጠባሳ፣ ቋቁቻና ጭርት ያለበት ሰው ሐኪም ለማግኘት ይቸገራል። የቆዳ ሐኪሞች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች የተሰባሰቡ ናቸው። ከወረዳ ከተማ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚደረግ ጉዞ የትራንስፖርት ገንዘብና የሥራ ቀን ይጠይቃል። በአጠገብ ካለ ሱቅ የሚገዛ አንድ ቱቦ ክሬም ግን በጥቂት ብር ይገኛል።

ማድያት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በጉንጭ፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ የሚወጣ ቡናማ ጥላ ሲሆን፣ ፀሐይ፣ እርግዝና፣ ሆርሞን ያላቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎችና የቤተሰብ ተጋላጭነት ያባብሱታል። በራሱ አደገኛ አይደለም፤ አንዳንዴም ከወሊድ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሕይወትን የማያሰጋውን ይህን ጥላ ለማጥፋት ሲባል ኩላሊት የሚጎዳ ቅባት መጠቀም፣ አበው እንደሚሉት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

በማሰሮው ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች

የቆዳ ቀለም የሚመነጨው ሜላኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒን የሚሠራው በቆዳ ውስጥ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ሲሆን፣ ሥራውም ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር መክቶ የታችኛውን የቆዳ ክፍል መጠበቅ ነው። የማቅያ ምርቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ይህን የሜላኒን ምርት በማገድ ነው። ልዩነቱ የሚያግዱበት መንገድና በዚያው የሚያስከትሉት ጉዳት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ሜላኒን የሚሠራውን ኤንዛይም ያዳክማል፤ ስለዚህ ቆዳው ይቀላል። ይሁን እንጂ በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ በተለይ በኩላሊት ይከማቻል። ኩላሊት ሲጎዳ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ ፊትና እግር ያብጣል። በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ በእጅ መንቀጥቀጥ፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በመርሳት፣ በቁጡነትና በእጅና እግር መደንዘዝ ይገለጣል። ነፍሰ ጡር ብትጠቀመው ለፅንሱ፣ የምታጠባ እናት ብትጠቀመው በወተቷ በኩል ለሕፃኑ ይተርፋል።

የሜርኩሪ ጉዳት በተጠቃሚው ብቻ አይቆምም። ከቅባቱ ትነት ይወጣል፤ ፎጣ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ይበክላል። እናቱን የሚያቅፍና ጣቱን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ቅባቱን ሳይቀባ ይመረዛል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገ ምርመራ፣ ክሬሙን ፈጽሞ ያልተጠቀሙ የቤተሰብ አባላት ጭምር በሰውነታቸው ከፍተኛ የሜርኩሪ መጠን እንደተገኘ አረጋግጧል። በዚያው በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ሴት በሜርኩሪ የተበከለ የፊት ክሬም ተጠቅማ መናገርና ራሷን መንከባከብ እስከማትችል ድረስ በጽኑ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ክሬሙ በሱቅ የተገዛ ሳይሆን በሰው በሰው የተላከ ነበር።

ታጥቦ የሚወርደው ቅሪት ወደ ፍሳሽ፣ ከዚያም ወደ ወንዝና ሐይቅ ይገባል። በውኃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሜርኩሪን ይበልጥ መርዛማ ወደሆነ ዓይነት ይለውጡታል፤ ይህም በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ለመጠጥ፣ ለመስኖና ለዓሣ ምርት በአንድ ውኃ ላይ ለሚተማመን ማኅበረሰብ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በተወሰነ መጠንና ለተወሰነ ጊዜ ለማድያት ሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ችግሩ የሚመጣው መጠኑ ሳይታወቅ ለወራትና ለዓመታት ሲቀባ ነው። ያን ጊዜ የተፈለገው ነገር ተቃራኒ ይከሠታል፤ በጉንጭና በዓይን ዙሪያ ሰማያዊ ጥቁር መሳይ፣ ሻካራ ነጠብጣብ ይወጣል። ይህ ሕመም በሃይድሮኪኖን ምክንያት እንደሚመጣ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ሴቶች ላይ ነው። ተጠቃሚው ጥቁረቱን ባየ ቁጥር ቅባቱን ይጨምራል፤ ቅባቱ በተጨመረ ቁጥር ጥቁረቱ ይብሳል። ከተፈጠረ በኋላ ማስለቀቁ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታ በቀላሉ የሚገኘውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም በሕጋዊ መንገድ የሚገባ መድኃኒት ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የመሳሰሉት ክሬሞች ለከባድ የቆዳ ብግነት የሚታዘዙ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ክሎቤታሶል ከዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ሁሉ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ መመሪያው በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ እንዳይቀባ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳይበልጥና በፊት ላይ እንዳይደረግ ያዛል። ለማቅላት ሲባል ግን በየቀኑ፣ በፊት ላይ፣ ለዓመታት ይቀባል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ብጉሩ ይጠፋል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ይቀላል። ቀስ በቀስ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሮች በላዩ ይታያሉ፤ ሸንተረር፣ አዲስ ብጉርና በፊት ላይ ጸጉር ይወጣል። ተጠቃሚው ሲያቆም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል፤ ስለዚህ ተመልሶ ወደ ክሬሙ ይሄዳል። በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ ወደ ደም ገብቶ የስኳር መጠንንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በዓይን አካባቢ ሲቀባ የዓይን ሞራና ግላኮማ ሊያስከትል ይችላል። ሰውነት በተፈጥሮ የሚያመነጨውን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆም፣ ቅባቱን በድንገት ያቋረጠ ሰው ለከባድ ድካምና ለደም ግፊት መውረድ ሊጋለጥ ይችላል።

ፀሐይና ከፍታ

በደጋና በወይና ደጋ ለሚኖር አርሶ አደርና በገበያ ለሚውል ነጋዴ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ከምድር ወገብ ብዙ የማይርቁ ናቸው። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በሌላ አነጋገር 2 ሺህ 500 ሜትር ላይ የሚያርስ፣ የሚያጭድ ወይም ከብት የሚጠብቅ ሰው በባሕር ጠለል ላይ ካለው ይልቅ የበረታ ጨረር ይቀበላል።

ለዚህ ጨረር የተፈጥሮ ጋሻው ሜላኒን ነው። ጋሻውን በኬሚካል አሳስቶ ወደ ማሳ መውጣት ቆዳን ለቃጠሎ፣ ለጥቁር ነጠብጣብና ያለ ዕድሜ ለመጨማደድ ያጋልጣል፤ ለረጅም ጊዜም ለቆዳ ካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል። ማድያትም ዋነኛ ጠላቱ ፀሐይ ስለሆነ፣ ምንም ያህል ውድ ክሬም ቢቀባ ፊት ከፀሐይ ካልተጠበቀ ተመልሶ ይመጣል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ፊትን የሚጋርድ ነጠላ ለማድያት ከብዙዎቹ የገበያ ቅባቶች የተሻለ ጥቅም ይሰጣሉ።

ከቅባቱ ሥር የሚደበቅ በሽታ

ለገጠሩ ነዋሪ ምናልባት ትልቁ አደጋ ቅባቱ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን የሚሰውረው በሽታ ነው። በኢትዮጵያ አሁንም የሚገኘው የሥጋ ደዌ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአካባቢው ቆዳ ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ስሜት የሌለው ምልክት ሆኖ ነው። ሕመም ስለሌለው ሰው ይንቀዋል፤ ወይም ቋቁቻ ነው ብሎ በስቴሮይድ ያሸዋል። ስቴሮይዱ የምልክቱን ገጽታ ይለውጣል፤ ጊዜም ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነርቭ ተጎድቶ ጣት ሊጎብጥ፣ ዓይን መክደን ሊያቅተው ይችላል። የሥጋ ደዌ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በመላው ዓለም በነፃ የሚሰጥና በጊዜ ከተጀመረ ሙሉ በሙሉ የሚፈውስ መሆኑ መዘግየቱን ይበልጥ የሚያስቆጭ ያደርገዋል።

ቁንጭርም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ አካባቢዎች፣ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ትንሽ ነፍሳት የሚተላለፈው ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚወጣው ፊት ላይ ሲሆን ሕፃናትንና ወጣቶችን ያጠቃል። በመጀመሪያ ብጉር ይመስላል፤ ቆይቶ ይሰፋል፣ ይቆስላል፣ አፍንጫንና ከንፈርን ሊያበላሽ ይችላል። የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያዳክም ቅባት በላዩ ማድረግ በሽታው ያለ ሃይ ባይ እንዲስፋፋ ዕድል መስጠት ነው። የተለመደው ጭርትም ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ስለሚቀንስ የዳነ ይመስላል፤ ከቆዳው ሥር ግን እየሰፋ ይሄዳል፤ ቅርጹም ስለሚጠፋ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

ከቅባት ወደ መርፌ

በትልልቅ ከተሞችና በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ገበያው ወደ መርፌ ተሻግሯል። ከእነዚህ ዋነኛው ጉንጭን፣ ከንፈርንና የፊት መስመርን ለመሙላት የሚወጋው «ፊለር» ነው። በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ፣ በሰውነት ውስጥም በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ውኃ የሚይዝ ዝልግልግ ንጥረ ነገር ነው። በሠለጠነ ሐኪም እጅ፣ በተፈቀደ ምርትና በንጹሕ ቦታ ሲሠራ አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ለጥቂት ቀናት የሚቆይ እብጠትና የመበለዝ ምልክት ነው።

ከባዱ አደጋ መርፌው በስህተት የደም ሥር ውስጥ ሲገባ የሚደርሰው ነው። በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ዓይንን ከሚመግበው የደም ሥር ጋር የተገናኙ ናቸው። ዝልግልጉ ደም ሥሩን ከዘጋ የቆዳው ክፍል ሊሞት፣ ዓይን ሊታወር፣ አልፎ አልፎም የአንጎል ምት ሊያጋጥም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚሁ አደጋ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ለሐኪሞችና ለተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በዚያው ዓመት የታተመ የሕክምና ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ በፊት ሙሊት መርፌ ምክንያት በማየት ችሎታ ላይ የደረሱ 98 ጉዳቶችን መዝግቧል። ቁጥሩ ከሚወጉት ሰዎች ብዛት አንፃር አነስተኛ ነው፤ የጠፋ ዓይን ግን በአብዛኛው አይመለስም።

ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። የሚጠቅመው ግን በፍጥነት ሲሰጥ ነው። በውበት ሳሎን፣ በሆቴል ክፍል ወይም በመኖሪያ ቤት የሚወጋ ሰው ይህን መድኃኒት በአጠገቡ አያገኝም። በርካሽ የሚቀርበው ፈሳሽ ሲሊኮን ደግሞ የሚያሟሟው የለም፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ እብጠትና ቁስለት ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካው አስተዳደር ሲሊኮንን በመርፌ ለፊት ሙሊት መጠቀምን አልፈቀደም፤ የተፈቀዱትን ምርቶችም ቢሆን ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ ወስኗል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ለውበት ሲባል ፊለር መውጋት ወንጀል ሆኗል።

ንጽሕናም ሌላው ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ፈቃድ በሌለው አንድ የውበት ቤት በደምና በመርፌ የሚሠራ የፊት እንክብካቤ የተደረገላቸው ደንበኞች በኤች አይ ቪ መያዛቸውን የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ይፋ አድርጓል። ቆዳን ለማቅላት በደም ሥር የሚሰጠው የግሉታታዮን መርፌም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት፤ የፊሊፒንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚህ ዓላማ ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቆ ስለ ኩላሊትና ስለ ቆዳ ጉዳቱ አስጠንቅቋል።

አገራት የወሰዷቸው እርምጃዎች

የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች ካገደ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አድርጋለች። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን፣ ኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ2015፣ ጋና በ2016 ጠንካራ ገደብ አውጥተዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስንና የጤና ተቆጣጣሪዎችን አሰማርታ ከየሱቁ ምርቶቹን ሰብስባለች።

በሜርኩሪ ላይ ያለው ዋነኛ ዓለም አቀፍ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ነው። ስሙን ያገኘው በሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ብዙ ሰዎችን ከጎዳባት የጃፓን ከተማ ነው። ስምምነቱ መጀመሪያ የከለከለው በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ነበር። አባል አገራቱ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በጄኔቫ ተሰብስበው ይህን ክፍተት በመዝጋት፣ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች ሁሉ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 እንዲቆሙ ወስነዋል።

ከእነዚህ አገራት ልምድ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው ክልከላ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ምርቱ ከመደርደሪያ ሲነሳ ወደ ጓዳና ወደ ስልክ ገበያ ይሸጋገራል። ሁለተኛው ደግሞ ክልከላ ከንቱ አለመሆኑ ነው፤ በአደባባይ የማይሸጥና በማስታወቂያ የማይወደስ ነገር ወጣቶች ዘንድ እንደ ተራ ነገር የመታየት ዕድሉ ይቀንሳል።

ሕጉና ገበያው በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሕግ ክፍተት አለ ማለት ያስቸግራል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከሕክምና መሣሪያ ጋር የውበት መጠበቂያዎችንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ወደ አገር የሚገባውንና በፋብሪካ የሚመረተውን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይከታተላል፤ የችርቻሮ ንግዱ ደግሞ በክልል፣ በዞንና በወረዳ ያሉ የጤና ተቆጣጣሪዎች ኃላፊነት ነው።

ክፍተቱ የሚታየው በአፈጻጸም ነው። አንደኛ፣ በኮንትሮባንድ የሚገባ ዕቃ በምዝገባ ሥርዓቱ አያልፍም፤ ተቆጣጣሪው የሚያገኘው ከተከፋፈለ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ሜርኩሪን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ለወረዳ ተቆጣጣሪ ቀላል አይደለም። ሦስተኛ፣ በየሳሎኑና በየቤቱ ሁለትና ሦስት ክሬም ተቀላቅሎ ስያሜ በሌለው ዕቃ የሚሸጥበት ልማድ ምንጩን ለመከተል አያመችም። አራተኛ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ ሰው ሱቅም ሆነ ንግድ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል።

ከአራቱም ይልቅ በቶሎ ሊስተካከል የሚችለው ግን ሌላ ነው፤ እሱም ኃይለኛ የስቴሮይድ ክሬሞች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት መሸጣቸው ነው። እዚህ ላይ ሻጩ ይታወቃል፣ ፈቃድ አለው፣ ምርቱም ተመዝግቧል። ላቦራቶሪም ሆነ የድንበር ኬላ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ባለሙያው ማዘዣ እንዲጠይቅና ተቆጣጣሪው ይህን እንዲከታተል ነው። ቁጥጥሩ ከዚህ ቢጀምር በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው ከጉዳት ይድናል።

ይህ ሲባል ሕክምናው በአጠገብ መገኘት አለበት። ማዘዣ የሚጽፍ ባለሙያ በሌለበት ማዘዣ መጠየቅ ሕመምተኛውን ተመልሶ ወደ መንገድ ዳር ሻጭ ይገፋዋል። በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ማድያትን፣ ጭርትን፣ ቁንጭርንና የሥጋ ደዌን ለይተው እንዲያውቁ ማሠልጠን፣ በቤት ለቤት ጉብኝት የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ስለ ቅባቶቹ እንዲጠይቁና እንዲያስረዱ ማድረግ የቁጥጥሩ ሌላኛው ግማሽ ነው። የነጋዴውም ጥቅም ሊታሰብ ይገባል፤ ዕቃውን በሕጋዊ መንገድ አስመጥቶ ግብር የሚከፍል ነጋዴ በኮንትሮባንድ ከሚያስገባው ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም።

ሸማቹ ምን ማድረግ ይችላል?

ጎጂ ምርትን ከላቦራቶሪ ውጭ በእርግጠኝነት መለየት ባይቻልም ጥርጣሬ የሚያሳድሩ ምልክቶች አሉ። የአምራች ስም፣ የንጥረ ነገር ዝርዝርና የማብቂያ ጊዜ የሌለውን ክሬም አለመግዛት የመጀመሪያው ነው። በዝርዝሩ ላይ ሜርኩሪ፣ ካሎሜል ወይም ሜርኩረስ ክሎራይድ የሚል ካለ መተው ይገባል። «ከብር፣ ከወርቅ ወይም ከአልሙኒየም ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያም የሜርኩሪ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስያሜው በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ማንበብ ለሚችል ሰው ወይም ለመድኃኒት ባለሙያ ማሳየት ብልህነት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትን የሚለውጥ ማንኛውም ነገር ኃይለኛ ኬሚካል እንዳለበት መገመት ይቻላል።

ለወራት ስቴሮይድ የተጠቀመ ሰው በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ቀስ በቀስ የሚቀንስበትን መንገድ መጠየቅ አለበት። በሜርኩሪ የተጠረጠረ ክሬም ግን ወዲያው ይቆማል፤ ዕቃውም ተከድኖ በላስቲክ ከታሸገ በኋላ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ ለተቆጣጣሪ ይሰጣል እንጂ አይቃጠልም፣ ወደ ወንዝም አይጣልም፤ ቢቃጠል ትነቱ ይበልጥ ይመርዛልና። ስሜት የሌለው የፈዘዘ ምልክት፣ ከሳምንታት በኋላ የማይድን የፊት ቁስል፣ የእግርና የፊት እብጠት ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር መታየት ይኖርበታል። ጤና ጣቢያዎች ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አቅራቢያ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቁ ናቸው። አጠራጣሪ ምርት የሚሸጥበትን ቦታ ለባለሥልጣኑ በነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይቻላል።

ፊለርን ጨምሮ በመርፌ የሚሰጥ ማንኛውንም የውበት አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ የሚወጋው ሰው ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው ወይ? የምርቱ ስምና የመለያ ቁጥር በማሸጊያው ላይ ይታያል ወይ? ጉዳት ቢደርስ የሚያሟሟው መድኃኒት በዚያው ቦታ አለ ወይ? ከሦስቱ አንዱ እንኳ አጥጋቢ መልስ ካጣ መተው ይሻላል። በተለይ ለሠርግ ወይም ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመጡና በዓረብ አገራት የሚኖሩ ዘመዶች ከመንደር ሻጭ የገዙትን መርፌና ቅባት በስጦታ ከማምጣታቸው በፊት ይህን ቢያስቡበት ቤተሰብን ከጉዳት ያድናሉ።

ውበትን መንከባከብ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቅቤው፣ የእንሶስላው፣ የወይባ ጢሱ ልማድ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ነው፤ ዓላማውም ያለውን መልክ መንከባከብ እንጂ በሌላ ቀለም መተካት አልነበረም። መዋብ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ገዢው በገንዘቡ የሚቀበለው ዕቃ ውስጥ ያለውን ማወቅ ግን መብቱ ነው፤ ይህን ማረጋገጥም በየደረጃው ያለ ተቆጣጣሪ ግዴታ ነው። የወረዳ ተቆጣጣሪዎች በገበያ ቀን ከሚበላሹ ምግቦችና ጊዜ ካለፈባቸው መጠጦች ጎን ለጎን የፊት ቅባቶችንም መፈተሽ ቢጀምሩ፣ መድኃኒት ቤቶችም ማዘዣ መጠየቅ ቢለምዱ፣ ነገሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ገና በጊዜ ሊያዝ ይችላል።